«ቀለሙ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የደበዘዘ አሮጌ ፒካፕ ችግርና መፍትሄ

የአጎቴ ፒካፕ ሲገዛ ደማቅ ቀይ ነበር ይላሉ። እኔ ሳውቀው ግን ሮዝ ነበር። ኮፈኑ ብዙ ክረምት እንደመታው ጡብ ፈዟል። ጣሪያው ከኮፈኑም ይብስ ነበር። ልጆች ሆነን ጎኑን ተደግፈን ስናወራ ሸሚዛችን ላይ ሮዝ ዱቄት ይቀር ነበር። አጎቴ ግን መኪናውን ይወዳል። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ እስከ አራዳ ገበያ ጤፍና ሽንኩርት ያመላለሰበት፣ ልጆቹንም ያስተማረበት ነው።

አንድ ቀን ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰደው። ሰውየው አየት አድርጎ «ቀለሙ ሞቷል፤ ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባ» አለው። የተጠራው ዋጋ አጎቴን አስደነገጠው። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ኮምፓውንድ (የሞተ ቀለም እየፋቀ የሚያነሳ ማሻ ቅባት) እና ያረጀ ቲሸርት ይዤ ቤቱ ሄድኩ። የኮፈኑን አንድ ጥግ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ፣ አሸት አሸት አደረግኋት። ከሮዙ ሥር ቀዩ ወጣ። አጎቴ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የዘመድና የጎረቤት መኪና ብዙ አሽቻለሁ። ጎንደር ላይ «ሞተ» ከሚባለው ቀለም ብዙው በሕይወት አለ። የሞተው የላይኛው ስስ ቆዳ ነው። በእርግጥ የሞተም አለ፤ እሱን በማሸት ማስነሳት አይቻልም። ሁለቱን መለየት ግን አንድ ጣሳ ውኃና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን እንይ።

ፀሐይዋ ምን ታደርጋለች?

የመኪና ቀለም ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንዱ መልኩን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት ነው። ሌላው ያንን ዱቄት አጣብቆ የሚይዘው ሬዚን ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሬዚኑን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ያግዘዋል። ሬዚኑ ሲያልቅ ዱቄቱ የሚይዘው ያጣል። ቆዳው ይሻክራል፣ ብርሃን ይበትናል፣ ዓይናችንም «ደብዝዟል» ይለናል።

ከተማችን ደግሞ ለዚህ ጉዳይ አትመችም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ነሐሴ ላይ ደመናው ይከልለናል። ሚያዝያ ላይ ግን የሚከልል የለም። ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው የሚጠፉት፣ በሮቹ ግን ደህና የሚቆዩት ለዚህ ነው። ወደ ሰማይ የተንጋለለው ሁሉ ቀጥታውን ይቀበላል።

ቀይ ቀለም ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሸነፋል። ነጭ መኪና ደብዝዞም ነጭ ስለሚመስል ባለቤቱ ሳያስተውል ዓመታት ያልፋሉ።

መጀመሪያ አርጥቡት

መኪናውን እጠቡና ጥላ ሥር አቁሙት። ሲደርቅ ኮፈኑ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱበት። እርጥብ ሳለ መልኩ ወደ ጥንቱ ተመለሰ? ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ደበዘዘ? እንግዲያው ደስ ይበላችሁ። ውኃው የሻከረውን ቆዳ ቀዳዳ ሞልቶ ለጊዜው አለሰለሰው ማለት ነው። ውኃ ለደቂቃ የሠራውን ኮምፓውንድ ለረጅም ጊዜ ይሠራዋል። ውኃ ፈስሶበትም ነጣ ያለው ዝንጉርጉር ቦታ ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ስለ እሱ ወደ ታች እመጣለሁ።

ቀጥሎ የጨርቅ ፈተና አለ። የማይታይ ቦታ ምረጡ፤ ለምሳሌ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ። ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ይዞ ከመጣ ቀለማችሁ አንድ ወጥ ነው፤ መልኩና አንጸባራቂው በአንድ ንብርብር ተቀላቅሎ የተቀባ ማለት ነው። ጨርቁ መልኩን ካልያዘ ግን ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባለው መልክ የሌለው ንብርብር አለ። ነጭ መኪና ላይ ይህን ስትፈትኑ ጥቁር ጨርቅ ተጠቀሙ። በነጭ ጨርቅ ነጭ ቀለም ማየት አይቻልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ «ክሊር አለው» ብሎ ይደመድማል።

ይህ ልዩነት ለምን አስፈለገ? አንድ ወጥ ቀለም ለማሸት ይመቻል። የሞተውን ቆዳ ስትገፉት ከሥሩ ያው መልክ ይመጣል። ክሊር ያለው ላይ ግን የምታሹት ክሊሩን ብቻ ነው። እሱ ካለቀ ከሥሩ ያለው ቀለም ራሱን ከፀሐይ መከላከል አይችልም። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከነሙሉ ንብርብሩ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። እንግዲህ የምታሹት ነገር ከሁለት ፀጉር ያልዘለለ ውፍረት ነው። ከዚያ ላይ የክሊሩ ድርሻ ቢበዛ ግማሽ ያህል ነው።

ምልክት፦ እጅ ላይ ዱቄት ይቀራል፣ መልኩ የኖራ ይመስላል

ምክንያቱ ከላይ የተናገርኩት ነው። ፀሐይ የበላችው ቆዳ። ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመውና ከሁሉም በላይ የሚያስደስተው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድበት።

በደንብ እጠቡ። ለዚህ እጥበት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ኦሞ አትጠቀሙ፤ ያልሟሟው ቅንጣት ይጭራል። ከታጠበ በኋላ ላስቲኩን፣ ጥቁር ፕላስቲኩን፣ የፍሬቻውን ዙሪያና የጽሑፍ ምልክቶችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ይህን ቸል ያለ ሰው ኋላ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የደረቀ ነጭ ኮምፓውንድ በጥርስ ብሩሽ ሲለቅም ይውላል። የጣሪያውንና የኮፈኑን ሹል ጠርዞችም ሸፍኑ። ቀለም ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው።

ሥራው ጥላ ሥር ይሁን። ላሜራው ሲዳሰስ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እሠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ላሜራው ይግላል፣ ኮምፓውንዱም ሳይሠራ ይደርቃል። ወቅቱ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ ቆሟል፣ የበጋው አቧራም ገና አልበረታም።

በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ የጥፍር ያህል ሻካራ ኮምፓውንድ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሰፋ ቦታ አትያዙ። መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እሹ። ጅማሬው ላይ ጫን በሉ፤ እየቆየ ሲሄድ እጃችሁን አቅልሉ። ስፖንጁ በፍጥነት የሞተ ቀለም ይሞላል። ቶሎ ቶሎ እጠቡት ወይም ቀይሩት። በሞላ ስፖንጅ መቀጠል የሞተውን ቀለም መልሶ መቀባት ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና እዩ። አንድ ዙር አይበቃም። የአጎቴ ኮፈን ሦስት ዙር ጠይቋል፤ ግማሽ ቀንም ወስዷል። ትከሻዬ ለሁለት ቀን አሞኛል፤ ግን ቀዩ ወጣ።

ዱቄቱ በጣም የበዛበት ጣሪያ ከሆነ ኮምፓውንድ ብቻውን ይሰለቻል። ያኔ 2000 ቁጥር የሚባለውን በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውኃ ነክራችሁ፣ በጠፍጣፋ ላስቲክ ላይ ጠቅልላችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ አንዴ ማለፍ ትችላላችሁ። ይህ ለአንድ ወጥ ቀለም ብቻ ነው። በደረቁ በፍጹም አትፈግፍጉ። የቆየ የመኪና ቀለም፣ በተለይ ቀይና ቢጫ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ዱቄቱ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፣ እጣቢውን ጎመን የተተከለበት መደብ ላይ አትድፉ።

ከሻካራው በኋላ በአዲስ ስፖንጅ ደቃቁን ፖሊሽ አስከትሉ። ሻካራው የተወውን ጭረት ደቃቁ ያለሰልሳል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ደክሞት ይተወዋል። መስታወት የሚያስመስለው ግን ይህ ሁለተኛው ነው።

ማሽን ላላችሁ አንድ ቃል። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ቢሠራ ይበቃዋል። ጋራዥ ውስጥ ብረት የሚቆርጡበት ፍሌክሲብል ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ፍሌክሲብል ላይ ሱፍ ገጥመው መኪና ሲያሹ አይቻለሁ። ቀለሙ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ከሱ በእጅ ይሻላል።

ምልክት፦ ታጥቦም ሲዳሰስ አሸዋ ይመስላል

መኪናው ንጹሕ ነው፤ እጃችሁን ስታሳልፉበት ግን ይከረክራል። በስስ ፌስታል እጃችሁን ሸፍናችሁ ዳስሱት፤ ይበልጥ ይሰማችኋል።

ምክንያቱ ቀለሙ ውስጥ የተሰነቀረ ባዕድ ነገር ነው። ከፍሬን የሚረጭ የብረት ብናኝ፣ የግንባታ ሲሚንቶ፣ የዛፍ ሙጫ። ጎንደር ላይ ጥላ ፍለጋ ጽድና ባሕር ዛፍ ሥር እናቆማለን። ጥላው ጥሩ ነው፤ ሙጫውና የወፉ ኩስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

መፍትሄው ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሰል ነገር ነው። በሳሙና ውኃ የራሰ ቦታ ላይ ሳትጫኑ ታንሸራትቱታላችሁ። የተሰነቀረውን ይለቅማል። መሬት ከወደቀ ግን ጣሉት፤ አሸዋ ይዞ ይመለሳልና። ይህ ሥራ ከማሸት በፊት ይቀድማል። ሳታጸዱ ብታሹ ያንን አሸዋ ራሱን በመኪናው ላይ ትነዱታላችሁ።

ምልክት፦ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል

ይህ ነው በእርግጥ የሞተው። ኮፈኑ ወይም ጣሪያው ላይ ነጣ ያለ፣ የካርታ ቅርጽ ያለው ዝንጉርጉር ታያላችሁ። ጠርዙን በጥፍር ስትነኩት ይነሳል። ውኃ ብታፈሱበትም አይጠፋም።

ምክንያቱ ክሊሩ መሰንጠቁና ከሥሩ ካለው ቀለም መላቀቁ ነው። ጨረሩ በስስ ክሊር አልፎ ሥሩን በልቶታል። በርካሽ የተቀባ መኪና ላይ ደግሞ ክሊሩ ከመጀመሪያውም ሲበዛ ስስ ነበር፤ ወይም የሥሩ ቀለም ሳይደርቅ ተደፍቶበታል።

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። የትኛውም ኮምፓውንድ፣ የትኛውም ሰም ይህን አያድንም። ማሸት ጠርዙን ይበልጥ ያነሳዋል። ያን ክፍል ሙሉ በሙሉ መፈግፈግና እንደገና መቀባት ብቻ ነው ያለው። ደስ የሚለው ነገር፣ መኪናው ሁሉ መቀባት የለበትም። ኮፈኑና ጣሪያው ከሞቱ ኮፈንና ጣሪያ ብቻ ይቀቡ። በሮቹና ስፖንዳው ታሽተው ይመለሳሉ። ቀቢ «ሙሉውን ካልሆነ አልቀባም» ካለ ሌላ ቀቢ ጠይቁ።

ከመቀባት በፊት ግን የቀረውን አካል አሹ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ቶዮታ ላይ የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። «ሲ/ቲአር» (C/TR) በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠገብ የቀለሙ ቁጥር ተጽፏል። ብዙ ነጭ ሂሉክሶች ላይ 040 የሚል ታገኛላችሁ። በዚህ ቁጥር የተቀመመ ቀለም አዲሱን መልክ ነው የሚሰጠው። ያልታሸ ደብዛዛ በር አጠገብ ካስቀመጣችሁት አይገጥምም፤ ከታሸው ጋር ግን ይቀራረባል። ቀቢውም ከቁጥሩ ተነስቶ፣ የታሸውን በር እያየ ቢያስተካክለው የበለጠ ይገጥማል።

ሀርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ክሊር ስለሚረጭበት ቦታ ደግሞ አደራ። በውስጡ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ያስከትላል። በነጠላ ወይም በሕክምና ማስክ አይመለስም። ለቀለም ርጭት የተሠራ፣ ንጹሕ አየር የሚያደርስ መሣሪያ ከሌለ ግቢያችሁ ውስጥ አትርጩ። ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል። ለባለሙያውም ቢሆን «ወንድሜ፣ መከላከያህን አድርግ» በሉት። ወጣት ቀቢዎች ያለ ምንም መከላከያ ሲረጩ ማየት ያሳዝነኛል።

ቀለም ሲረጭ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ካወጣ ምክንያቱ ሲሊኮን ነው። የዳሽቦርድና የጎማ ማብረቅረቂያ ስፕሬዮች ውስጥ አለ። ስለዚህ መኪናው ሊቀባ ከሆነ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ እነዚህን አቁሙ፤ ለቀቢውም ተጠቅማችሁ እንደነበር ንገሩት።

ምልክት፦ አብረቅርቋል፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አለው

ሻካራው ኮምፓውንድ ተሠርቶ ደቃቁ ተዘሏል። ወይም ስፖንጁ ቆሻሻ ነበር። በደቃቁ ፖሊሽ፣ በአዲስ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ቀለል ባለ እጅ ድገሙት። ሌላው መንስኤ ላቫጆ ነው። መሬት ወድቆ የተነሳ ጨርቅ አሥር መኪና ሲጠርግ ይውላል። የራሳችሁን ጨርቅ ይዛችሁ ብትሄዱ አጣቢው አይቀየምም።

ምልክት፦ ስታሹ ድንገት ግራጫ ወይም ብረት ብቅ አለ

ቀለሙ አልቋል። አቁሙ።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። የአጎቴ ፒካፕ የግራ ፓራፋንጎ ላይ ጠርዙን ሳልሸፍን ማሽን አሳለፍኩበት። ሁለት ጣት የምታህል ግራጫ ወጣች። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ዛሬ ጠርዝ ያለ ፕላስተር አልነካም፤ ማሽንም ጠርዝ ላይ አላወጣም፣ በእጅ እጨርሰዋለሁ።

የወጣው ግራጫው የሥር ቀለም ብቻ ከሆነ ቦታውን በ2000 ቁጥር አለስልሳችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርጋችሁ ተመሳሳይ ቀለም ደራርቡበት። እያንዳንዱ ንብርብር ይድረቅ። ብረት ከወጣ ግን መጀመሪያ አንቲረስት የሚባለው ዝገት ተከላካይ ቀለም ይቀባ። ባዶ ብረት ክረምት እንዲያገኘው አትተዉት።

ምልክት፦ አምሮ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሰ

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ፣ ያበራው ነገር ዘይት ነበር። ናፍታ በጨርቅ ነክረው መኪናውን ሁሉ የሚጠርጉ አሉ። ወዲያው ያብለጨልጫል። ልክ እንደ ውኃው የሻከረውን ቆዳ ይሞላዋልና። ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፣ ላስቲኩን ያበላሻል፣ በሚቀጥለው ዝናብም ይሄዳል። የምግብ ዘይትም ያው ነው።

ሁለተኛው፣ በደንብ ታሽቷል ግን ምንም ሳይለብስ ቀርቷል። አዲስ የተገለጠ ቀለም ራቁቱን ነው። እዚያው ቀን ሰም ወይም ሲላንት (በሰም ፋንታ የሚቀባ መከላከያ) ካልለበሰ ፀሐይ ሥራዋን ከዜሮ ትጀምራለች።

ስለ ሰም ብዙ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። «እኛ አገር ሰም ሞልቷል፤ ጧፍ የምንሠራበትን የንብ ሰም ለምን አንቀባውም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ይለሰልሳል። በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ቀይ ኮፈን ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም። የለሰለሰ ሰም ይጣበቃል፣ አቧራም ይይዛል። ካርናውባ የሚባለው ሰም ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው የሚገኘው። እሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ሲደርቅም ጠንካራ ነው። ለመኪና የሚመረጠው ለዚህ ነው። የፋብሪካ የመኪና ሰሞች ውስጥ የንብ ሰም ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል፤ ብቻውን ግን ለእኛ ፀሐይ አይሆንም። ጧፉ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሁን።

ሰም ሲቀባ ስስ ይሁን። ወፍራም መቀባት ጥቅም የለውም፤ ትርፉ ተጠርጎ ይጣላል። ሲደርቅና ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ምልክት፦ ነጭ ክብ ክብ ነጠብጣብ

ውኃ ደርቆ የተወው ማዕድን ነው። አቼቶና ውኃ እኩል ለእኩል ደባልቃችሁ በጨርቅ ለደቂቃ ያህል አሳርፉበት፣ ከዚያ አለቅልቁ። ካልለቀቀ ቀለሙን በልቶታል፤ በደቃቁ ፖሊሽ እሹት። የወፍ ኩስም እንዲሁ ነው፤ ግን ፀሐይ ሳይመታው በዚያው ቀን ይነሳ። ደርቆ ከሆነ አትፋቁት፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ሲርስ አንሱት።

ምልክት፦ ቀለሙ ሥር ቡግር የመሰለ እብጠት

ዝገት ነው፤ የጀመረውም ከውስጥ ነው። ከላይ የምታዩት መጨረሻውን ነው። ማሸት አይነካውም።

ፒካፕ ላይ የት እንደሚደበቅ ልንገራችሁ። የጣሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ። የጎማው ቤት ውስጥ ጭቃ የሚከማችበት ጥግ። የኋላ ስፖንዳ ማጠፊያ ዙሪያ። የጭነት ቦታው ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ወይም ላስቲክ ሥር። ለፋሲካ በግ ጭናችሁ ከነበረ ደግሞ ሽንቱ ብረት ይበላልና በማግሥቱ ምንጣፉን አንስታችሁ እጠቡ። ከመተማ መንገድ የመጣ መኪና የጎማ ቤቱ ውስጥ የሚይዘው ጥቁር ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ ውኃ ያዝ አድርጎ ይቆያል።

እብጠቱን በሽቦ ብሩሽና በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፋቁት። ብረቱ ከተበሳ የባትላሜራ ሥራ ነው። ካልተበሳ በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ከዚያ ጎድጓዳ መሙያው ስቱኮ ካስፈለገ ስቱኮ፣ ከዚያ የሥር ቀለም፣ ከዚያ መልኩ። ዝገት ላይ በቀጥታ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት ለሻጭ እንጂ ለባለቤት አይጠቅምም፤ በአንድ ክረምት ተመልሶ ያብጣል።

ምልክት፦ አንድ በር ብቻ ከሌላው የተለየ

ያ በር ቀድሞ ተጋጭቶ እንደገና ተቀብቷል። ሀርድነር የሌለው ዱኮ ቀለም ከፋብሪካው ፈጥኖ ይደበዝዛል። ታሽቶ ይመለሳል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ሰም ይፈልጋል። ጨርቅ ላይ ትንሽ ቲነር ነክታችሁ የማይታይ ቦታ ላይ ብትነኩት ዱኮ ይሟሟል፤ የፋብሪካው ቀለም አይሟሟም። በዚህ ለዩት።

ከዚያ በኋላ

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መኪና በጎማ ቧንቧ እጠቡ ማለት አይቻልም። አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ለአንድ ፒካፕ ይበቃል። በሁለት ባልዲ ክፈሉት። አንዱ ላይ ሳሙና አድርጉ፤ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ ነው። መጀመሪያ አቧራውን በጣሳ ውኃ አርሱት፣ ትንሽ ይቆይ። ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። የጎማው ቤት መጨረሻ ነው፣ ጨርቁም የተለየ። ደረቅ አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በየቀኑ ጠዋት ብዙ ሹፌር የሚያደርገው፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው።

ጥላ ካለ ጥላ ሥር ይቁም። ከሌለ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ጣል የሚደረግ ጨርቅም ይረዳል፤ መኪናው ንጹሕ ሲሆን ብቻ። አቧራማ መኪና ላይ የለበሰ ሸራ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይፍቃል።

ሰሙን መቼ እንደምትደግሙት በቀን መቁጠሪያ አትወስኑ። ኮፈኑ ላይ ውኃ ርጩበት። ዶቃ እየሠራ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። የአጎቴ ፒካፕ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይይዛል። በሮቹ ላይ ገና ዶቃ ሲሠራ ጣሪያው ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ስለዚህ ጣሪያውንና ኮፈኑን ብቻ እደግማቸዋለሁ።